«ደረሰ» ማለት የት ደረሰ?
ስለ ወደብና ስለ ጭነት መኪና ስምሪት ቃላት

የወደብና የማጓጓዣ ሰነዶችን ወደ አማርኛ ስንመልስ ከሙያዊ ስሞቹ ይበልጥ ያስቸገረን «ደረሰ» የሚለው የዘወትር ግሥ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ክፉኛ ከጎዳቸው ቦታዎች አንዷ ቆቦ ነበረች። በዚያው ዓመት ለእርዳታ የመጣ እህል በአሰብ ወደብ ተከማችቶ የጭነት መኪና ሲጠብቅ ቆይቷል። ለመርከቡ ወኪል እህሉ ደርሷል፤ ለወደቡ ሠራተኛ ደረሰ የሚባለው ከመርከቡ ሲራገፍ ነው፤ ለቆቦ ሰው ግን ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴንና ወልድያን አልፎ ከከተማው መጋዘን እስኪገባ ድረስ አልደረሰም። ሦስቱም በአንድ ግሥ ከተጻፉ፣ ገና ወደብ ላይ ያለ እህል በወረቀት ላይ እንደ ታደለ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው «ደረሰ»ን ብቻውን እንዳይተው፣ ይልቁንም «ወደብ ደረሰ»፣ «ተራገፈ»፣ «ከወደብ ወጣ»፣ «መጋዘን ገባ» እያለ ደረጃውን እንዲለይ እናሳስባለን።

«መጨናነቅ»ም ብዙ ሸክም የበዛበት ቃል ነው። መርከብ መቆሚያ አጥቶ ባሕር ላይ ሲጠብቅ፣ የተራገፈ ዕቃ የሚያነሣው አጥቶ ሲከመር፣ መኪኖች በወደቡ በር ላይ ሲደረደሩ፣ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። በር ላይ የተሰለፈ መኪና ተጨማሪ መኪና በመላክ አይቃለልም፤ ይብስበታል እንጂ። እኛ ለመጀመሪያው «የመቆሚያ እጥረት»፣ ለሁለተኛው «ክምችት»፣ ለሦስተኛው «ሰልፍ» የሚሉትን እንመርጣለን፤ «መጨናነቅ» የሦስቱ የወል ስም ሆኖ ይቀራል።

«ምልልስ» የምንለው አንድ መኪና ከወደብ ጭኖ ወጥቶ፣ አራግፎና ተመልሶ፣ ዳግመኛ እስኪጭን ያለውን ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል 30,000 ቶን እህል የያዘ መርከብ ቢመጣና አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 40 ቶን ቢያነሣ 750 ጭነት ይሆናል፤ በቀን 50 መኪና ቢወጣ ሥራው 15 ቀን ይፈጃል። ምልልሱ 6 ቀን ከሆነ ለዚህ 300 መኪኖች ይበቃሉ። በሰልፍ፣ በሚዛንና በኬላ ጥበቃ ምክንያት ወደ 8 ቀን ቢረዝም ግን 400 ያስፈልጋሉ። መንገዱ በአንድ ክንድ እንኳ ሳይረዝም የ100 መኪና ጉልበት ባከነ ማለት ነው። ይህን ጽንሰ ሐሳብ «ጉዞ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የጥበቃውን ጊዜ ከሒሳቡ ያወጣዋል። ቃሉ ከ«ቃለ ምልልስ» ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ቢነሣም ዐውዱ ይለየዋል ብለን እናምናለን።

ብዙውን በጥቂቱ የማሳለፍን ነገር የራያ ቆላ ገበሬ ከእኛ በፊት ያውቀዋል። በቆቦ ሜዳ በስተ ምዕራብ ካለው ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይፈስሳል። ገበሬው በአፈር ግድብ ይጠልፈዋል፤ በቦይ ከፋፍሎም ወደ ማሳ ይመራዋል፤ ውኃው በተራ ይዳረሳል። መርከብም እንደ ጎርፍ ነው፤ መንገዱ ደግሞ እንደ ቦይ የሚያሳልፈው ልክ አለው። ከዚህ በመነሣት ከወደብ ወደ ሌላ ማከማቻ የሚመራን ጭነት «ጠለፋ» ማለት ያጓጓል። ሆኖም «ነገ የጭነት ጠለፋ ይካሄዳል» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ሾፌሩ ፖሊስ መጥራቱ አይቀርም። ስለዚህ «ማዛወር»ን ወስደን «ጠለፋ»ን ለውኃው ትተናል።

«ተራ»ን ግን እንወስዳለን። «ሰልፍ» በዓይን የሚታይ ድርድር ነው፤ «ወረፋ» በመጡበት ቅደም ተከተል የሚያዝ ነው፤ «ተራ» ደግሞ አንድ አስከባሪ የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። «ተራ አስከባሪ» በየመናኸሪያው የታወቀ ስም ስለ ሆነ ሌላ መፍጠር አያሻም። በብዙ የዓለም ወደቦች ለእያንዳንዱ መኪና የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ ይህ «ቀጠሮ» ነው። አስተርጓሚ ይህን «ወረፋ» ቢለው ሾፌሩ ሁሉ ለመቅደም ጎሕ ሳይቀድ በሩ ላይ ይገኛል፤ አሠራሩ የታሰበው ደግሞ ይህንኑ ለማስቀረት ነው።

ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ስለ ተዘጋ አብዛኛው ጭነት በጅቡቲ ሆኖ በጋላፊ ይገባል። በሞጆና በኮምቦልቻ የተቋቋሙትም «ደረቅ ወደብ» ተብለዋል። ስያሜው ቃል በቃል የተተረጐመ ቢሆንም ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ አንነካውም። ነገር ግን «ደረሰ»ን እንደ ገና ያወሳስበዋል። በመልቲሞዳል አሠራር ዕቃው በአንድ ሰነድ እስከ ደረቅ ወደብ ስለሚመጣ፣ «ወደብ ደረሰ» ሲባል ባሕሩ ዳር ይሁን ኮምቦልቻ መገለጽ አለበት።

በመጨረሻ «ዲመሬጅ» የሚባለው አለ። በዚህ አንድ ስም ሦስት ክፍያዎች ይጠራሉ። መርከብ ከተስማሙበት ጊዜ በላይ በመጫን ወይም በማራገፍ ሲቆይ የሚከፈለውን «የመርከብ ማዘግያ»፣ ኮንቴይነር ከነፃ ቀናት በላይ በወደብ ሲቀመጥ የሚከፈለውን «የኮንቴይነር ማቆያ»፣ ከወደብ ከወጣ በኋላ በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር የሚከፈለውን «የኮንቴይነር ማዘግያ» እንበላቸው። ባዶው ኮንቴይነር በቆቦ ነጋዴ ግቢ ቆሞ ሳለ የሚቆጠረው ሦስተኛው ነው፤ ውሉ ላይ «ዲመሬጅ» ብቻ ከተጻፈ ግን ነጋዴው የትኛውን እንደሚከፍል ከጽሑፉ ሊያውቅ አይችልም።