በመንዝ ጓሳ ሣሩ ሲጠበቅ አውሬውም ተጠበቀ

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ጎብኚ፣ ማሳው አልቆ ሣር የለበሰው ውርጫማ ደጋ ሲጀምር ጓሳ መድረሱን ያውቃል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ ሥፍራ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይመከርም።

በጧት የወጣ ሰው ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ያገኛቸዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ቀይ ቀበሮም በመካከላቸው ረጋ ብሎ ሲመላለስ ሊታይ ይችላል። የሚፈልገው ግልገላቸውን ሳይሆን አይጥ ነው። በዚሁ በጓሳ ተካሂዶ በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ነው።

አውሬው ለዚህ የበቃው በአጥር አይደለም። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ደንብ ጓሳን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በዚያ ጊዜ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። በበጋ ሲከፈት በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛ ለሚለብሰው ገሳ ስለሚሆን ጠባቂው ጥቅሙን በእጁ ያይ ነበር።

ደንቡ ለሣሩ መልካም ቢሆንም ለሰው ሁሉ እኩል አልነበረም፤ መብቱ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ብቻ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። በይ ተመልካች የነበረው ገበሬ መብት አገኘ፤ ሆኖም ከልካይ በመጥፋቱ ጓሳ ለአጫጁም ለከብቱም ክፍት ሆነ። ሸክሙን ያነሱት በአካባቢው የነበሩት የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ ተወካዮቻቸውን በጓሳ ኮሚቴ አሰባስበው ጥበቃውን አስቀጠሉ። ጓሳ ዛሬ በአማራ ክልል ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

የማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ጉዳይ የውሻ ነው። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ባለበት ደጋ ከእረኛ ጋር የሚወጣ ውሻ መከተብ፣ ካልተከተበም ከቤት መቅረት ይኖርበታል። ውሻው የማን እንደሆነ፣ መከተብ አለመከተቡን ከጎረቤት የተሻለ የሚያውቅ የለም።