ያውቁ ኖሯል? ቅጠል፣ አበባና የልጅ እጅ

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች በር አንኳኩተው የሚያድሉት የአበባ ሥዕል፣ ሕፃናት በገዛ እጃቸው ሠርተው ለትልልቅ ሰዎች ከሚሰጧቸው ጥቂት መታሰቢያዎች አንዱ ነው! ታዲያ እርስዎ ሳንቲሙን ሰጥተው ከተቀበሉት በኋላ የት ያደርጉታል? ሊጥሉት? ኧረ አይቸኩሉ!

አደይ አበባ አንዲት አበባ አይደለችም! መሐሏ ላይ የታጨቁት ነቁጦች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ጥቃቅን አበቦች ናቸው። ዙሪያዋን የከበቧት ቢጫዎቹም እንደዚያው! ልጅዎ አንዲት አደይ ቀጥፎ ሲያመጣልዎ ያመጣልዎ እቅፍ ሙሉ አበባ ነው!

በመጽሐፍ ገጾች መካከል ተጭኖ ሲደርቅ ቢጫ አበባ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ቀይ ጽጌረዳ ግን ይጠቁራል! ለፍቅረኞች መርዶ፣ ለመስከረም ልጆች የምሥራች!

አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰን በልጅነቷ አበባ እያደረቀች በደብተር ትለጥፍ ነበር። 424 ዕፅዋት፣ በ66 ገጽ! ደብተሩ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፤ እንዳይፈረፈር ተፈርቶ እንደ ልብ አይገለጥም። ጎረቤቶቿ ግን በዘመኗ የሚያውቋት ከግጥሟ ይልቅ በአትክልቷ ነበር!

የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ኬሊም የሆሊውድን ካሜራ ከተሰናበተች በኋላ የደረቁ አበቦችን በወረቀት ላይ እያጣበቀች ሥዕል ትሠራ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ አበባ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሳለች።

ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት የቆየ አበባ ቢያዩ ምን ይላሉ? የግብጹ ወጣት ንጉሥ ቱታንኻሙን ከነአበባ ጉንጉኑ ነው የተቀበረው! ሬሳ ሣጥኑ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲከፈት አበቦቹ የቀለማቸው ርዝራዥ ነበራቸው። ባለሙያዎች ከአበቦቹ ዓይነት ተነሥተው ንጉሡ በየትኛው ወቅት እንደተቀበረ ገመቱ! የደረቀ አበባ ምስክር ሆኖ ይቆማል!

እ.ኤ.አ. በ1803 አንድ የሆላንድ ነጋዴ ከደቡብ አፍሪካ 32 ዓይነት ዘር በወረቀት ጠቅልሎ በቆዳ ቦርሳ ያዘ። መርከቡን እንግሊዞች ማረኩት፤ ቦርሳው በመዝገብ ቤት ተረሳ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዘሮቹ ቢዘሩ ሦስቱ ዓይነት በቀሉ! ልጅዎ በክብሪት ቀፎ የደበቀውን የባቄላ ፍሬ አይናቁበት!

ይህ ገርሞዎት ከሆነ ይቀጥሉ። እስራኤል ውስጥ ከማሳዳ ምሽግ የተገኘ የተምር ፍሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ተኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በቀለ! ስሙንም ማቱሳላ አሉት። ቆይቶም አባት ሆነ! ከጥንታዊ ዘር የበቀለችው “ሐና” በ2020 ከእሱ ተምር አፈራች!

ቅጠል ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም የመዋዕለ ሕፃናት ጨዋታ ይመስልዎታል? ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም አድርጎታል! የቅጠል ኅትመቱ ከነአሠራሩ በማስታወሻዎቹ መካከል ዛሬም አለ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ የቅጠል ምስል በወረቀት ገንዘብ ላይ አተመ! ምክንያቱስ? የሁለት ቅጠሎች ጅማት ፈጽሞ አንድ አይሆንምና ሐሰተኛ ብር ሠሪዎች ይቸገሩ ብሎ ነው!

ፎቶ ለማንሣት ካሜራ አያስፈልግም! እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ የባሕር አረም በኬሚካል በተነከረ ወረቀት ላይ እየዘረጋች ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ሲሆን የአረሙ ጥላ ነጭ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1843 ማውጣት የጀመረችው ሥራ በፎቶግራፍ የተዋበ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው! የድሮ መሐንዲሶች ሰማያዊ የሕንጻ ፕላን የተሠራውም በዚሁ ዘዴ ነው!

ወደ ማድ ቤት እንግባ። ባሚያ አግድም ቆርጠው ቀለም ያስነኩና ወረቀት ላይ ይጫኑት፤ አበባ! ፖም በወገቡ ይቁረጡት፤ መሐሉ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ! ሁላችንም በቁመቱ ስለምንከፍለው ሳናየው እንበላዋለን።

እርድ ግን ከሁሉም ይብሳል! በውሃ በጥብጠው ወረቀት ይቀቡና ያድርቁት። ልጅዎ በልብስ ሳሙና ውሃ ስሙን ሲጽፍበት ጽሑፉ ቀልቶ ብቅ ይላል! ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ ተመልሶ ቢጫ! ይህን ወረቀት መስኮት ላይ እንዳይሰቅሉት ብቻ፣ ፀሐይ የእርድን ቀለም ትበላዋለች። (ነጭ ልብስ ለብሰው እንዳይጀምሩ ደግሞ ከወዲሁ እንምከርዎ!)

የፓይን ዛፍ ኮን ከዛፉ ከወደቀ ከዓመታት በኋላም ይንቀሳቀሳል! ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል። ሕይወት የለውም እኮ!

ሙጫ የለ፣ መርፌ የለ፣ መቀስ የለ! የሆሳዕና ዕለት ልጆቻችን ከአንዲት የዘንባባ ቅጠል ቀለበትም መስቀልም ያወጣሉ። በገንዘብ ከሚሸጡት የልጆች የእጅ ሥራ ዕቃዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል ብንል ማን ይከራከረናል?

እንሶስላም ጉድ አላት! ሥሯ እጅና እግር ያቀላል፤ የበሰለ ፍሬዋን ሲነኩት ደግሞ ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል!

“የኢዮብ እንባ” የሚባለው ሣር ፍሬው በተፈጥሮው ቀዳዳ አለው! ክር ማስገባት ብቻ፣ ዶቃ ነው። የሚያምረውን ቀይ የኮርች ፍሬ ግን ለሕፃን አይስጡ፤ መርዛም ነው!

በ19ኛው መቶ ዘመን ኢየሩሳሌምን የተሳለመ መንገደኛ ይዞ የሚመለሰው ምን ነበር? የቅድስት ምድር የደረቁ አበቦች የተለጠፉበት፣ ሽፋኑ ከወይራ እንጨት የተሠራ አልበም! አበቦቹ ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ።

በዓለም ሄርባሪየሞች (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻዎች) ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ የደረቁ ዕፅዋት ተቀምጠዋል! የእኛው ብሔራዊ ሄርባሪየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ80 ሺህ በላይ ይዟል። አብዛኞቹ የተዘጋጁት ልጅዎ አደይዋን በሚያደርቅበት መንገድ ነው፤ በወረቀት መካከል ተጭነው!

የት እና መቼ እንደተቀጠፈ ያልተጻፈበት ናሙና ግን ለሳይንቲስት እምብዛም አይረባም። እርስዎም የልጅዎን አበባ ከመለጠፍዎ በፊት ከወረቀቱ ጀርባ የልጁን ስም፣ ቀኑንና የቀጠፈበትን ሰፈር ይጻፉ!