ናፍጣና ቡና

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በጭነት መኪና ነው። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መኪናው ያለ ናፍጣ አይሄድም። ናፍጣ ደግሞ ከውጭ አገር ይገዛል፤ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በቦቴ ይገባል።

ታዲያ ባሕር ማዶ ያለ ጠብ እኛን እንዴት ይነካናል? አንድ ምሳሌ እንመልከት።

መስከረም 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በሳውዲ አረቢያ፣ አብቃይቅ በሚባል ቦታ ያለው ትልቅ የነዳጅ ፋብሪካ ተመትቶ ተቃጠለ። የአገሪቱ የነዳጅ ምርት በግማሽ ቀነሰ። ገበያው ሲከፈት የዓለም ዋጋ በአንድ ቀን ከመቶ 15 ያህል ወጣ። ለምን? ነዳጁ ሲያንስ ገዢው ይሻማል። ደግሞም ሁሉም «ነገስ ይመታ ይሆን?» ብሎ ፈራ። ፍርሃት ብቻውን ዋጋ ያስወድዳል። ፋብሪካው በጥቂት ሳምንታት ተጠገነ፤ ዋጋውም ወረደ።

ጠቡ ግን አልበረደም። የየመን ሁቲዎች «የመታነው እኛ ነን» አሉ። ሳውዲ አረቢያና አሜሪካ ኢራንን ከሰሱ፤ ኢራን «የለሁበትም» አለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን መቱ። ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። መንገድ ሲረዝም ኪራይ ይጨምራል። የእኛም ናፍጣ የሚመጣው በዚያው አካባቢ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን የነዳጅን ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ነው። የዓለም ዋጋ ዛሬ ቢወጣ፣ በማግስቱ ሚዛን ላይ አይወጣም። ነጋዴው «ናፍጣ ተወደደ» ብሎ የቡናችሁን ዋጋ ሲቀንስ ዝም አትበሉ። የተተመነው ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ጻፉት፤ ካለፈው ጋር አስተያዩት። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።