በታሸገ ውሃ ላይ ያለው ቀን የማን ነው?

የታሸገ ውሃ አንገቱ ወይም ክዳኑ ላይ ሁለት ቀኖች በደቃቁ ታትመውበታል፦ የተመረተበትና የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት። ወተት ይበላሻል፣ ዳቦ ይሻግታል፤ ንጹሕ ውሃ ግን ከመሬት በታች ብዙ ዘመን ኖሮ ሲወጣም ይጠጣል። ታዲያ ፕላስቲክ ውስጥ በገባ በዓመት በሁለት ዓመቱ «ጊዜው አለፈ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ቀኑ የሚመለከተው ከውሃው ይልቅ ዕቃውን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በደንቡ መሠረት ተመርቶ ለታሸገና ላልተከፈተ ውሃ የጊዜ ገደብ አያስቀምጥም። የኒው ጀርሲ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ ነበራት፤ የታሸገ ውሃ ከተመረተበት ጀምሮ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ የማብቂያ ቀን እንዲጻፍበት ያስገድድ ነበር። ለአንዲት ግዛት ብቻ ለይቶ ማተም ስለማያዋጣ አምራቾች ቀኑን በሌላ ቦታ በሚሸጡትም ላይ አተሙት። ሕጉ ኋላ ተሻረ፤ ልማዱ ግን አልተሻረም።

ቀኑ ለፋብሪካውም ይጠቅመዋል። ከጎኑ ካለው የምርት መለያ ቁጥር ጋር ሲነበብ ውሃው መቼና በየትኛው ዙር እንደታሸገ ያሳያል። እንከን ከተገኘ የሚሰበሰበው ያ ዙር ብቻ ይሆናል፤ መጋዘን ውስጥም ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ እንምጣ። አብዛኛው የውሃ መያዣ የሚሠራው ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ፔት ቀላል ነው፣ አይሰበርም፤ እንደ ብርጭቆ ጠርሙስ ግን ፈጽሞ የተደፈነ አይደለም። በረጅም ጊዜ ጥቂት ትነት ያሳልፋል፤ ጋዝ ያለው ውሃም በፕላስቲክ ሲቀመጥ በብርጭቆ ከታሸገው ቶሎ ጋዙን ያጣል። ሽታም ከውጭ ሊዘልቅ ስለሚችል ከነጭ ጋዝ፣ ከቀለም ወይም ከሳሙና አጠገብ መከመር አይገባም። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሲቀረጽ የሚፈጠረው አሴታልዴሃይድ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ውሃው ሲገባ የፕላስቲክ ጣዕም ያመጣል።

ሰውን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ፔት ሲመረት የሚገባበት አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሦስት ወር የተቀመጠ ውሃ ውስጥ የአንቲሞኒው መጠን የጨመረው በጥቂቱ ብቻ ነበር። በ60 ዲግሪ ሲቀመጥ የአሜሪካን የመጠጥ ውሃ ወሰን፣ ማለትም በሊትር 6 ማይክሮግራምን፣ ለማለፍ 176 ቀን ያስፈልገዋል፤ በ80 ዲግሪ ግን ከሁለት ቀን ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ በጥላ የተቀመጠ ውሃ ብዙ አያሰጋም፤ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው።

ቀኑ የማይነግረን ነገር እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ቀኑን ሲያትም ውሃው ቀዝቃዛና ጥላ ቦታ እንደሚቀመጥ አስቦ ነው። በእኛ ከተሞች ግን እሽጉ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ይከርማል። እንዲህ የዋለ ውሃ ለማብቂያው ዓመት ቢቀረውም፣ በቀዝቃዛ መጋዘን ከርሞ ቀኑ በቅርቡ ካለፈው ይልቅ ጣዕሙ የተለወጠ ሊሆን ይችላል።

ቀኑ ሲነበብ ጥንቃቄ የሚሻ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ያለፈበትን ውሃ ገና ሰባት ስምንት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። ክዳኑ ከተከፈተ ወዲያ ደግሞ የታተመው ቀን ዋጋ የለውም፤ ከአፍና ከእጅ የገቡ ባክቴሪያዎች በሙቀት ይራባሉ። የከፈቱትን በብርድ አስቀምጦ ቶሎ መጨረስ ነው።

ስለዚህ ውሃ ሲገዙ ቀኑን ይዩ፤ የተቀመጠበትንም ቦታ ይዩ። ክዳኑ የተላቀቀ፣ ውሃው የደፈረሰ ወይም ሽታ ያለው ከሆነ ቀኑ ባያልፍም አይጠጡት። ፀሐይ ላይ ከተደረደረው ይልቅም ከውስጥ፣ ከጥላው እንዲሰጥዎ ባለሱቁን ይጠይቁ።