ያረጀ ስቲከር ሲላጥ ለምን ይቆራረጣል?

አየር ጤና ታክሲ ተራ ስትሰለፉ የሚኒባሶቹን የኋላ መስታወት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ ተልጦ ግማሹ የቀረ ጥቅስ አይጠፋም። አዲስ ሳለ ባንዴ ይነሳ የነበረ ስቲከር ሲያረጅ ለምን እየተቆራረጠ ያስቸግራል?

ብዙ የመኪና ስቲከር ከፒቪሲ ፕላስቲክ ይሠራል። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ ማለስለሻ ይጨመርበታል። ማለስለሻው በጊዜ ብዛት እየወጣ ያልቃል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ፕላስቲኩን ይጎዳዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጨረሩ ይበረታል። ፊልሙ ሲደርቅ ማጣበቂያው ግን አልለቀቀም። ስለዚህ ስትስቡት ከመላቀቅ ይልቅ መቀደድ ይቀለዋል። መፍትሔው ጉልበት መጨመር ሳይሆን ማጣበቂያውን ማዳከም ነው።

ሙቀት። በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሙቁት። ሙቀት ማጣበቂያውን ያለሰልሳል፣ ፊልሙንም ያላላዋል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ያን ያህል እንኳ አያስፈልግም። ጠዋት በቀዘቀዘ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ አትድፉ፤ አንዱ ጎኑ ቀድሞ ሲለጠጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍጥነት። ማስቲካን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ይለጠጣል፤ ድንገት ስትጎትቱት ይበጠሳል። ማጣበቂያም እንዲሁ ነው፦ በፍጥነት ሲሳብ ይጠነክራል። ስለዚህ ቀስ በሉ።

አቅጣጫ። ፊልሙን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ አትሳቡት፤ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ከመስታወቱ ጋር እያስጠጋችሁ ሳቡት። በስሌት ሲታይ እንዲህ የታጠፈ ፊልም የሚፈልገው ኃይል ቀጥ ብሎ ከሚሳበው ግማሽ ያህሉን ነው። ኃይሉ ሲቀንስ የመቀደድ ዕድሉም ይቀንሳል። ከሞዴል አውሮፕላን ክንፍ ላይ አሮጌ ፊልም የሚያነሱ ሰዎችም በዚሁ መንገድ፣ በሙቀትና በትዕግሥት ይሠራሉ።

የቀረውን ሙጫ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ጥቂት ጠብቁት፤ ከዚያ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። የኋላ መስታወቱ ጭጋግ የሚያጠፉ ቀጫጭን መስመሮች ካሉት ምላጭ አታስጠጉ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ቤንዚንስ? ሙጫውን ያነሳል፤ ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ መኪና ወለል ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ለአንድ ስቲከር ሲባል መኪናውንም ሰውንም ለእሳት አትዳርጉ።