እንቦጭ ወደ ትዳራችን እንዳይገባ

ጣናን የወረረውን እንቦጭ አይታችሁታል? አበባው ሐምራዊ ነው፤ ዐይን ይስባል። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ሲሆን ሰዎች ከአገር ወደ አገር የወሰዱት ውበቱን ወደውለት ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለዚህ አረም የምጽፍላችሁ ለቤታችንም የሚሆን ትምህርት ስላለው ነው።

አረሙ ለምን ተመልሶ ይበቅላል?

እንቦጭ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውኃውን ሲሸፍነው ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ ዓሣ ይጎዳል፤ ታንኳ ማለፊያ ያጣል፤ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ከብቱን የሚያሰማራበት ዳርቻ ይወረርበታል።

ሕዝቡ ዝም አላለም። ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽኖችም መጡ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ። አረሙ ግን እንደገና በቀለ። አንደኛ፣ ተነቅሎ ዳር ላይ የተተወው ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈስሰው ቆሻሻ ይመግበዋል። ግልገል አባይ ከጎጃም ተራሮች ወርዶ ጣና እንደሚገባ አስቡ፤ በሐይቁ የሚታየው ችግር ከፊሉ የሚጀምረው ከላይ ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዩጋንዳና ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እንቦጭን የሚመገቡ፣ ከነቀዝ ወገን የሆኑ ጥቃቅን ጥንዚዛዎችን ለቀቁ። ውጤቱ ወዲያው አልታየም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አረሙ በእጅጉ ቀነሰ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ስለ ታየ ክትትሉ አልቀረም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በዲማ አካባቢ ጤፍ የሚዘራ ሰው አንድ ጊዜ አርሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ይደግመዋል። በትዳር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ዘመቻን ብቻ ነው። ሽማግሌ ይጠራል፣ ይለቀሳል፣ ይጸለያል፣ እርቅ ይወርዳል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከወር በኋላ ያው ጠብ ሲነሣ ባልና ሚስት ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ፦

1. ነቅላችሁ ዳር ላይ አትተዉት። ይቅር ያላችሁትን በደል በሚቀጥለው ጠብ መልሳችሁ አታንሡት።

2. የሚመግበውን ፈልጉ። ጠቡ በወጡ ጨው የመጣ ሊመስል ይችላል፤ ከላይ የሚፈስሰው ግን ከሚስት የተሰወረ ብድር፣ ወይም ባል ሳያውቅ ለዘመድ የሚሰጥ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ምንጩን ሳትነኩ አረሙን ብቻ ብትነቅሉ ድካሙ አያልቅም።

3. ዘር ሳይጥል ያዙት። ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥26 ቁጣችን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲበርድ ይመክረናል። ዕብራውያን 12፥15ም የመራራነት ሥር ብዙዎችን እንደሚያረክስ ያስጠነቅቃል። በሳምንት አንድ ምሽት ስልኩን አስቀምጡና “ያስቀየምኩህ ነገር አለ?” “ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?” ተባባሉ። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ።

4. ቀስ ብሎ የሚሠራውን አትናቁ። ከመኝታ በፊት እጅ ለእጅ ተያይዞ መጸለይ፣ ጠዋት ላይ አንድ የምስጋና ቃል መናገር በአንድ ሳምንት ትልቅ ለውጥ ላያሳይ ይችላል። እነዚያ ጥንዚዛዎችም ዓመታት ወስዶባቸዋል።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ አረሙ ተመልሶ ስለ በቀለ ሐይቁ ሞቷል ማለት አይደለም፤ አራሚ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ትዳራችሁም እንዲሁ ነው። አብራችሁ አርሙ፤ ነገም ድገሙት። የትዳር መሥራች የሆነው ጌታ ብርታቱን ይስጣችሁ፤ ቤታችሁንም ይባርክ። አሜን።