የመእሪብ ግድብ፦ የአፈር ግድብ ሲያረጅ



በሱረቱ ሰበእ (34፡15-17) ስለ ሰበእ ሰዎች ሁለት የአትክልት ስፍራዎችና ስለ ዐሪም ጎርፍ እናነባለን። ታሪኩን ከሹክር ጋር አያይዘን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ግድቡ ራሱ ምን ዓይነት እንደነበር ግን እምብዛም አንጠይቅም።

የመን ውስጥ፣ መእሪብ አጠገብ የነበረው ይህ ግድብ ከ600 ሜትር በላይ ርዝመትና 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአፈር ቁልል ነበር። በሁለቱ ጫፎቹ በጥርብ ድንጋይ የተሠሩ የውኃ መውጫዎች ነበሩት። ዋና ሥራው በዝናብ ወራት የሚመጣውን ጎርፍ ከፍ አድርጎ ወደ ማሳዎች መምራት ሲሆን፣ ከ1,000 ዓመት በላይ አገልግሏል።

ችግሩ ደለል ነው። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ደለል ማሳው ላይ ሲከማች መሬቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ግድቡም አብሮ ከፍ መደረግ ነበረበት። ግድቡ ባደገ ቁጥር ደግሞ የሚሸከመው የውኃ ግፊት ይጨምራል። የአፈር ግድብ በዋናነት በሁለት መንገድ ይፈርሳል፦ ውኃ አናቱን አልፎ ሲፈስ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ወይም በውስጡ የሚሰርገው ውኃ የአፈር ቅንጣት ይዞ እየወጣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ሙፈሲሮች ግድቡን አይጥ እንደቦረቦረችው የሚገልጽ ዘገባ ያነሳሉ። ይህን እንደ ተረት የሚያይ ካለ፣ የዛሬ መሐንዲሶችም የአፈር ግድብ ሲፈትሹ የእንስሳት ጉድጓድ እንደሚፈልጉ ይወቅ።

ግድቡ ደጋግሞ ተሰብሮ ተጠግኗል። አንዱን ጥገና ያሠራው፣ በሱረቱል ፊል ታሪክ የምናውቀው ሐበሻዊው አብረሃ ነው! እ.ኤ.አ. በ548 ገደማ ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ዛሬም አለ። ወረርሽኝ ስለገባ ሠራተኞቹ ተሰናብተው እንደነበር፣ ለቀለብ የወጣው ዱቄትና ተምር ሳይቀር ተመዝግቦበታል። በእኛ ግምት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ግድቡን ያቆየው ሠራተኛ የሚጠራና ወጪ የሚሸፍን አካል መኖሩ ነበር። ይህ በጠፋ ጊዜ ግድቡም ቀረ።

የሊቢያዋ ደርና ቅርባችን ናት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ሁለት ግድቦች በጳጉሜን 2015 በዳንኤል ማዕበል ፈርሰው ሺዎች አለቁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ የአንድ ሊቢያዊ ምሁር ጥናት ጥገና እንደሚያስፈልግ አስጠንቅቆ ነበር። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤት 12 የቀድሞና የወቅቱ ኃላፊዎች ላይ የእስር ቅጣት ወሰነ።

ክረምት ላይ ቤተሰብ ጋ ስንሄድ በአካባቢያችን የመስኖ ግድብ ካለ፣ ከግርጌው የሚወጣውን ውኃ እንመልከት። ጠርቶ የሚወጣ ትንሽ ውኃ የተለመደ ነው፤ መጠኑ ከጨመረ ግን መታየት አለበት። ከደፈረሰ፣ አናቱ ከሰመጠ ወይም ስንጥቅ ከታየ ጉዳዩ የሚያድር አይደለም፤ በዚያው ቀን ለቀበሌውና ለወረዳው የመስኖ ባለሙያ ይነገር፣ ከግርጌው ያሉ ቤተሰቦችም ይወቁት።